ሦስተኛው ፕሮፎርማ

ለጋሽ ከድር ቀብር አልደረስኩም። ያልደረስኩበትን ምክንያት ስናገር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። አንዲት የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ ነው። አንዲት። እኔ ባለሁበት ሳጉሬ አትገኝም፤ አሰላ ያለችው በዋጋዋ አትቀመስም፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን አቃጥዬ፣ ከደመወዜ ቆንጥሬ፣ መኪና ቀያይሬ ሄድኩ። እዚያ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ዕቃዋ እስክትፈተሽልኝ ስጠብቅ ሀያት ደወለች፤ የጋሽ ከድር ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። «ከዙሁር ሶላት በኋላ እንቀብረዋለን።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። አዳማ ደርሼ፣ እዚያ ደግሞ ሌላ መኪና ይዤ አሰላ እስክገባ ሁሉም ነገር አልቆ ሰው ተበትኗል። ሻጩ «እህት፣ ልጠቅልልልሽ?» ይለኛል፣ እኔ እንባዬ ይወርዳል። ጠቅልል አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

እኔ ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ማለቴ ነው። በጠመኔ ሞኒተር እስላለሁ፣ ኪቦርድ እስላለሁ፣ ማውስ እስላለሁ። ተማሪዎቹም ደብተራቸው ላይ አሳምረው ይስላሉ። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ አይሳቁ አልልም፣ ግን እኔን አያስቀኝም።

ጋሽ ከድርን ያወቅኋቸው በተቀጠርኩበት ዓመት ነው። የትምህርት ቤቱ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር አልነሳ ብሎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ጭኜ አሰላ ወሰድኩት። ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች አሉኝ፤ ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ይጠገንባት የነበረች። ገባሁ። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ስድሳውን የተሻገሩ ሰውዬ ተቀምጠዋል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ የሚሰካበት ኪስ ውስጥ እሳቸው ብሎን መፍቻ ሰክተዋል። ከረጢቱን ፈቱ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ራም የሚባለውን ካርድ ነቀሉ፣ ከመሳቢያ የተማሪ ላጲስ አውጥተው ጥርሱን ፈገፈጉት፣ መልሰው ሰኩት። ተነሳ።

«ስንት ልክፈል?» አልኳቸው።

«ለላጲስ?» አሉኝ። «ሂጂ፣ ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። ዕቃ ሲሸጡ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሁለት ዋጋ ነበር የሚናገሩት። «ይሄ አዲስ አበባ ሁለት ሺህ ነው። እኔ ጋ ሁለት ሺህ አራት መቶ። አራት መቶው መንገዱና የኔ ቀን ነው። ካልተዋጠልሽ ሂጂና አምጪ፣ አልቀየምም» ይላሉ። ከዚያም ዕቃው ተሰክቶ፣ ማሽኑ ፊትሽ ተነስቶ ካላየሽ በቀር ብር አይቀበሉም። በአሰላ መንገድ ላይ እንዲህ የሚነግድ ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም።

ፊት ለፊታቸው የታደለ ሱቅ አለ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ባዶ ካርቶን ተደርድሯል። ታደለ ያንኑ ዕቃ አምስት ሺህ ተኩል ይልሻል፤ «የመጨረሻዋ ናት፣ ነገ አታገኛትም» ይላል ለመጣው ሁሉ። አንድ ቀን ከዲክሲስ የመጣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከታደለ ሱቅ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ሲወጣ ጋሽ ከድር በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ወንድሜ፣ ስንት ገዛኸው?»

ሰውዬው ነገራቸው። እሳቸውም አዲስ አበባ ስንት እንደሆነ ነገሩት። ሰውዬው ዕቃውን ይዞ ተመለሰ፤ ጭቅጭቁ መንገድ ዘጋ። ታደለ ከሱቁ ወጣ።

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት ወይስ ሬዲዮ?»

«ሬዲዮ ስጠግን ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ ምን ላድርግ» አሉት፤ ገብተው ተቀመጡ።

እኔ ያን ቀን ሱቃቸው ውስጥ ነበርኩ፤ እየሳቅሁ ጠየቅኋቸው፤ ለምን ጠላት ያበዛሉ? «ዕቃው መንገድ ላይ ይከሳል፣ ዋጋው ይወፍራል» አሉኝ። ደህናው አዲስ አበባ ይቀራል፣ የተመረጠበት አዳማ ይደርሳል፣ ማንም ያልፈለገው አሰላ ይወጣል፣ ለሳጉሬና ለሮቤ ወሬው ይደርሳል። «ድሃው ነው በውድ የሚገዛው። ቢያንስ ስንት እንደተበላ ይወቅ» አሉ። እኔም ያኔ ወደድኳቸው። በኋላ በዚሁ ጠባያቸው እንደማለቅስ አላወቅሁም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው ተባልን። ጉድ እኮ ነው። የኔ ተማሪዎች ኮምፒውተር የሚያውቁት በጠመኔ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤታችን ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት በእርዳታ የመጡ ሃያ ኮምፒውተሮች አቧራ ለብሰው ተከምረዋል፤ አንዱም አይነሳም። አንዱን ማውስ አምጥቼ ለሀዊ ሰጠኋት። ሀዊ ከዲክሲስ በኩል ካለ የገጠር ቀበሌ መጥታ ሳጉሬ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ በሂሳብ ከክፍሉ የሚደርስባት የሌለ ልጅ ናት። ማውሱን እንደ ስልክ ከጠረጴዛው አንስታ በአየር ላይ አንቀሳቀሰችው። ማንም አልሳቀም፤ ሌሎቹም እንደዚያው ነበር የሚያደርጉት።

ርዕሰ መምህሩ ለምነው፣ ተለማምጠው፣ ለጥገና ጥቂት በጀት አስፈቀዱ። ጋሽ ከድር መጥተው ሃያውንም አንድ በአንድ አዩ። በእሳቸው ዋጋ በጀቱ አሥራ ስምንቱን ያስነሳል። በታደለ ዋጋ ስምንት። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ምኑ ያከራክራል? ከጋሽ ከድር ይገዛ፣ አለቀ።

አላለቀም። የትምህርት ቤታችን የግዢ ሠራተኛ ግርማ ሕጉን አወጣልኝ፤ ከሦስት የተለያዩ ሱቆች ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ማህተም ያረፈበት የዋጋ ማቅረቢያ፣ ካልመጣ ግዢ የለም። አሰላ ውስጥ ደግሞ ፈቃድ ያለው የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ያኔ ሁለት ብቻ ነው፤ ጋሽ ከድርና ታደለ።

መንገዱን አገር ያውቀዋል። የሚሸጠው ሰው ከዘመድ ከወዳጅ ማህተም ለምኖ፣ ከራሱ ከፍ ያለ ዋጋ አስጽፎ ሦስት ያደርሰዋል። ሁሉም ያደርገዋል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም። ታደለ በማግስቱ ሦስቱን አሟልቶ አመጣ፤ አንዱ የአማቹ የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ነው። ግርማ ሳይቀር አዘነልኝ፤ «ታደለ ጋሽ ከድር ከገቡ የዘመዶቹን ወረቀት አነሳለሁ ብሏል፤ እሳቸው የራሳቸውንና አንድ ሦስተኛ ወረቀት ብቻ ያምጡ፣ በዋጋ ያሸንፋሉ» አለኝ። እኔም አሰላ በረርኩ።

«ላኪ» አሉኝ። እንቢ ሲሉ በኦሮምኛ ነው የሚሉት፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

«ጋሽ ከድር፣ ለልጆቹ ብለው። ወረቀት ነው እኮ፣ ማንም አይጎዳም።»

«ስንት ሱቅ አለ እዚህ ከተማ?»

«ሁለት።»

«ሦስት ነው ብዬ ልጻፍ?»

«ሁሉም ይጽፋል!»

«ለዚያ ነው እንዲህ የሆነው» አሉኝ። ብሎን መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ቲቸር፣ ስሚኝ። ያ ወረቀት ወደ ላይ ይሄዳል። እዚያ ያለው ሰውዬ ፋይሉን ሲከፍት ሦስት ሱቅ ያያል፤ አሰላ ዕቃ ሞልቷል፣ ነጋዴ ይወዳደራል፣ ደህና ናቸው ይላል። የለንም ብለን ስንጮህ ማን ያምነናል? ችግራችንን በገዛ ማህተማችን ደበቅነው። እኔ የሌለ ሱቅ አልጽፍም።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሊሉኝ ነው?»

«እሱንስ ልል ነበር።»

«እስኪጠራ ፈተናው ያልፋል» ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ። እሳቸው በአባቴ ዕድሜ ናቸው፤ በር ወረወርኩባቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሳጉሬ ድረስ መጡ፣ ፊታቸው በርቷል። አዲስ አበባ ሄደው ከእውነተኛ ሱቅ እውነተኛ ሦስተኛ ፕሮፎርማ አስጽፈው መጥተዋል። እቅፍ አድርጌ ልስማቸው ቃጣኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ግርማ ሮጥኩ። ግርማ ሦስቱን ደርድሮ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ግንባሩን ያዘ።

የአዲስ አበባው ከጋሽ ከድር ያነሰ ነው።

ይነሳ እንጂ፤ አዲስ አበባ ነዋ። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት የኖሩት ይኸው ልዩነት፣ ማህተም አርፎበት፣ በገዛ እጃቸው መጣ። ሕጉ ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋ ካቀረበው ይገዛ ይላል። የአዲስ አበባው ሻጭ ሳጉሬ አላደርስም አለ፤ ብሩን አስቀድማችሁ አምጡ፣ ዕቃችሁን ጭናችሁ ሂዱ። ትምህርት ቤቱ ዕቃ ሳይገባ አይከፍልም። ሰው ይላክ ቢባል አበልና ትራንስፖርት ይፈቀድ ተብሎ ደብዳቤ ወደ ወረዳ ሄደ። ግርማን ከጋሽ ከድር ግዛ ብዬ ብለምነው «ሁለተኛውን ብገዛ ኦዲተሩ የሚበላው እኔን ነው» አለኝ። ደብዳቤው ሄደ፣ እኛ ጠበቅን። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጆሮ ዳባ ልበስ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አሰላ ሄጄ ጮህኩባቸው። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም፤ የማስታውሰው ይበቃኛል። «የእርስዎ እውነት ለእርስዎ ጌጥ ነው፣ ለኔ ልጆች ገደል ነው» ብያቸዋለሁ። ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

በማግስቱ ሱቃቸውን ዘግተው፣ መሣሪያቸውን በከረጢት ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። ሦስት ቀን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሠሩ። ከአንዱ ነቅለው ለሌላው ሰጡ፤ ከሱቃቸው ያመጡትን ጨመሩበት፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሞኒተሮቹ መሃል ቦታ ጠርገው ይሰግዳሉ፣ ተነስተው ይቀጥላሉ። ምሳ ስናመጣላቸው ጥቂት ቀምሰው መለሱት። ከሃያው ዘጠኙን አስነሱ። ስንት ነው ብንላቸው «ከሬሳ ሬሳ ነው የቀየርኩት፣ ምን አስከፍላለሁ» አሉ።

ሊሄዱ ሲሉ ሀዊን አይተው ቆሙ። ማውሱን አሁንም ታነሳዋለች።

«ያንቺ አባት ያርሳል?» አሏት በኦሮምኛ።

«አዎ።»

«ማረሻው ከመሬት ከተነሳ ይታረሳል? ዝቅ አድርጊው። ጠረጴዛው ላይ ጎትቺው።»

ሀዊ ሳቀች። ቀስቱ በስክሪኑ ላይ ሄደ። እኔ በስንት ቀን ያላስተማርኳትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተማሯት።

ግን ዘጠኝ ኮምፒውተር ለስንት ተማሪ ይበቃል? መብራት በሄደ ቁጥር ወረፋው ይፈርሳል። ፈተናው እስኪደርስ ሀዊ አራት ጊዜ ነካችው፤ አራት ጊዜ ብቻ። ተፈትና ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኳት። «ጥያቄው አይከብድም ነበር ቲቸር» አለችኝ። «ሰዓቱ አለቀብኝ። ሁለት ገጽ ሳልከፍተው ቀረ።» ውጤት ሲመጣ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። ከቀበሌዋ የመጀመሪያዋ ዩኒቨርሲቲ ገቢ ትሆናለች ብለን ስንጠብቃት የነበረች ልጅ፣ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ቀበሌዋ ተመለሰች። በጀቱ ደግሞ፣ ሳንነካው፣ ሰኔ ላይ ተመላሽ ተደረገ።

አሰላ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ ጋሽ ከድር በራቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

«ያቺ የገበሬ ልጅ አለፈች?»

«አላለፈችም።»

ከዚያ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፣ ቀስ ብለው፣ ዓይኔን እያዩ፦ «ያኔ እኔ ወረቀቱን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ታልፍ ነበር?»

ምን ልላቸው ይገባኝ ነበር? አላውቅም ማለት እችል ነበር። እውነቱም እሱ ነው፤ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ሞልቶ እንኳን ልጅቷ ልትወድቅ ትችላለች፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ምን አውቄ? ግን አንጀቴ አርሮ ነበር። የግርማ ሕግ፣ የታደለ ካርቶን፣ የወረዳው ዝምታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተሰብስቦብኝ ነበር፤ ሊሰማኝ የቆመው ሰው ደግሞ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አዎ፣ ታልፍ ነበር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ» አሉ። ገብተው ሥራቸው ላይ አቀረቀሩ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ወር ወደዚያ ሰፈር አልሄድኩም። መታመማቸውንም አልሰማሁም። ሀያት እስክትደውል ድረስ።

ለቅሶ የደረስኩት በማግስቱ ነው። ሀያት አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አባቷ ስለኔ ምን ብለው እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። እሷው ነገረችኝ፤ «ቲቸርን አትቀየሙ፣ ልጆቿን ብላ ነው፣ ይል ነበር» አለች። ይቅርታ ሳይጠየቅ ይቅር ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ብቻዬን ሳጉሬ እስክደርስ አለቀስኩ። ያቺን «አዎ» እንዴት መልሼ እንደምውጣት አላወቅሁም።

ቤተሰቡ ሱቁን ማቆየት አልቻለም። ሀያት ብትለምንም ኪራይ አይጠብቅም፤ ባለቤቱ ልቀቁ አለ። ዕቃውን፣ መደርደሪያውን፣ መሳቢያውን እንዳለ ታደለ ጠቀለለው። አሁን አሰላ ውስጥ ዕቃ ስትፈልጊ ታደለ ጋ ነው፤ ዋጋው ታደለ ያለው ነው፤ ሁሌም የመጨረሻዋ ናት።

ዘንድሮም ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ከዘጠኙ አምስቱ ሞተው ነበር፤ እኔ ከአዲስ አበባ ያመጣኋት ፓወር ሰፕላይ አንዱን ብቻ ነው ያዳነችው። ርዕሰ መምህሩ እንደገና ለምነው ለኮምፒውተር መግዣ በጀት አስፈቀዱ። ባለፈው ወር ግርማ ቢሮው ጠራኝ፤ የግዢ ኮሚቴ አባል ነኝ፣ ሳልፈርም አይገዛም። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል።

«ተሟልቷል፤ ታደለ ዝቅተኛ ነው» አለኝ።

አንደኛው የታደለ ነው። ሁለተኛው የአማቹ። ሦስተኛውን አነሳሁ። በላዩ «ከድር የኤሌክትሮኒክስ ጥገናና የኮምፒውተር ዕቃዎች» ይላል። ከታደለ ዋጋ ከፍ ያለ ዋጋ በታደለ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶበታል። ግርጌው ላይ ማህተማቸው አርፏል፤ ከመሳቢያው ጋር የተሸጠው ማህተም።

«ግርማ» አልኩት፣ «እኚህ ሰውዬ ሞተዋል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «የንግድ ፈቃዳቸው ገና አልተመለሰም፤ በወረቀት አሉ። ቲቸር፣ ካልፈለግሽ ተይው፤ ፋይሉን እዘጋዋለሁ። ፈተናው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።»

ከቢሮው መስኮት ውጭ ተማሪዎቼ ለአምስት ኮምፒውተር ወረፋ ይዘው ቆመዋል። በሕይወት እያሉ በር ወርውሬ፣ ጮኼ፣ ለምኜ ያላስደረግኳቸውን ነገር ከሞቱ በኋላ ታደለና ግርማ በስማቸው አደረጉት፤ የቀረው የኔ ስም ብቻ ነው።

እስክሪብቶ ስጠኝ አልኩትና ፈረምኩ። ኮምፒውተሮቹ በሳምንቱ መጡ። ይሠራሉ።